ትልቅ የታሸገ ፋይል በጠባብ ቦታ መፍታት፦ ሲ፣ ዲ እና ኢ ላይ የተበተነ ባዶ ቦታን መጠቀም

ከጓደኛ ሃርድ ዲስክ የቀዳችሁት ወይም ብዙ ዳታ በልቶ የወረደ ትልቅ ፋይል አላችሁ እንበል። በዚፕ ወይም በራር ታሽጓል። ልትፈቱት ትጀምራላችሁ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም ብሎ ያቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በድንጋጤ የሚያደርገው ነገር ያሳስበኛል። የቤተሰብ ፎቶ ይሰርዛል። ወይም ገና ያልተፈታውን ፋይል ራሱን አጥፍቶ ቦታ ለማግኘት ይሞክራል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱም አያስፈልግም። ላፕቶፑ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ችግሩ ቦታው አንድ ላይ አለመሆኑ ነው፤ ትንሽ ሲ ላይ፣ ትንሽ ዲ ላይ፣ ትንሽ ኢ ላይ ተበትኗል። የታሸገው ፋይል ደግሞ አንዱ ፓርቲሽን (ሲ፣ ዲ፣ ኢ እየተባለ የተከፈለው የዲስኩ ክፍል) ላይ ተቀምጦ ይዘቱ ሌላው ላይ ሊወጣ ይችላል። ይዘቱ ራሱም ለሁለትና ለሦስት ቦታ ሊከፈል ይችላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ዊንዶውስ ላለው ኮምፒውተር ነው። ሁለት ፕሮግራሞችን እጠቅሳለሁ፦ ሰቨን ዚፕ እና ዊንራር። ሰቨን ዚፕ ነጻ ነው፤ ዚፕንም፣ ራርንም፣ የራሱን ዓይነት ፋይልም ይፈታል። ስለዚህ ዋናው መሣሪያችን እሱ ነው። ዊንራር የሚያስፈልገን ለአንድ ልዩ ጉዳይ ብቻ ነው።

1. ሳትነኩት በፊት ሂሳቡን ሥሩ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ አለን። ዊንዶውስ ሲያሳየው 465 አካባቢ ነው። የጠፋ ነገር የለም፤ አምራቹ ጊጋባይትን በ1000 እያባዛ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥሩ ነው። ዲስኩ ለሦስት ተከፍሏል። ሲ ላይ 19፣ ዲ ላይ 33፣ ኢ ላይ 28 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ። የታሸገው ፋይል ዲ ላይ ነው። የቪዲዮ ትምህርቶች ስብስብ ነው፤ በ13 ክፍል የተቆራረጠ ራር ሆኖ በድምሩ 49 ጊጋባይት ይመዝናል።

ሲፈታ ስንት ይሆናል? ይህን ሳያውቁ መጀመር ነው ሰውን ጉድ የሚሠራው። የመጀመሪያውን ክፍል በሰቨን ዚፕ ክፈቱት። መክፈት ማለት መፍታት አይደለም፤ ውስጡን ማየት ብቻ ነው፣ ዲስክ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ከላይ ካሉት ቁልፎች «ኢንፎ» የሚለውን ስትጫኑ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ አሁን የያዘው መጠን ነው። ሌላው ሲፈታ የሚይዘው መጠን ነው። ፎልደሮቹም እያንዳንዳቸው መጠናቸው ከጎናቸው ይታያል።

የእኛው ምሳሌ ሲፈታ 52 ጊጋባይት ይሆናል። ከ49 ወደ 52 ብቻ ነው የሚያድገው፣ ምክንያቱም ቪዲዮ ከመጀመሪያውም ተጨምቆ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ዚፕም ራርም ብዙ አይቀንሱትም። ጽሑፍ ወይም የመረጃ ሠንጠረዥ ቢሆን ግን 5 ጊጋ የነበረው ሲፈታ 30 እና 40 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በግምት አትሂዱ፤ ቁጥሩን እዩ።

አሁን ደምሩ። ዲ 33፣ ኢ 28፣ አንድ ላይ 61። የሚያስፈልገን 52። ይበቃል። ሲን ሳንነካው ይበቃል ማለት ነው፣ መንካትም የለብንም። ዊንዶውስ ለራሱ ሥራ ሲ ላይ መተንፈሻ ይፈልጋል፤ ለማዘመኛ፣ ለጊዜያዊ ፋይል፣ ራም ሲሞላ ለሚጠቀምበት ፋይል። እኔ ሲ ላይ ከ10 ጊጋ በታች እንዲቀር አልፈቅድም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የታሸገውን ፋይል ወደ ሌላ ፓርቲሽን ያዛውርና እዚያው ይፈታዋል። ጊዜም ቦታም ማባከን ነው። ፋይሉ ባለበት ይቀመጥ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ከሆነም እዚያው ላይ እያለ ይፈታል፤ ወደ ላፕቶፑ መቅዳት አያስፈልግም። መምረጥ ያለባችሁ የሚወጣበትን ቦታ ብቻ ነው።

2. ፋይሉ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ

ሰቨን ዚፕ ላይ «ቴስት» የሚል ቁልፍ አለ። ዊንራርም አለው። ሙሉውን ፋይል አንብቦ ጉዳት ካለው ይነግራችኋል። ዲስክ ላይ የሚጽፈው ነገር የለም፣ ስለዚህ ቦታ አይፈጅም፤ ጊዜ ብቻ ይወስዳል። ከ13 ክፍሎች አንዷ ስትቀዳ ተበላሽታ ከሆነ አሁኑኑ ማወቅ ይሻላል። ያቺን አንዷን ብቻ እንደገና ትቀዳላችሁ።

3. መድረሻው ምን ዓይነት ፎርማት ነው?

ፓርቲሽኑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ፕሮፐርቲስ» ግቡ። «ፋይል ሲስተም» የሚለው ፊት ለፊት ኤንቲኤፍኤስ፣ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት የሚል ታገኛላችሁ። የላፕቶፕ ፓርቲሽን አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ ያ ከሆነ እለፉ። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው ጣጣው።

ፋት 32 አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ሆኖ አይቀበልም። ፍላሹ ላይ 25 ጊጋ ባዶ ቦታ ኖሮ 5 ጊጋ የሆነ አንድ ፊልም አልገባም ሲላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ቦታ አላነሰም፤ ፎርማቱ ነው ያልፈቀደው። ሰዎች ትልልቅ ፋይሎችን ከ4 ጊጋ በታች እየቆራረጡ የሚያሽጉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ፍላሹን ወደ ኤክስፋት ፎርማት ብታደርጉት ገደቡ ይነሳል፤ ግን ፎርማት ማለት ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ስለሆነ መጀመሪያ ያለውን አውጡ።

ኤክስፋትም የራሱ ጠባይ አለው። ማንኛውም ፎርማት ለእያንዳንዱ ፋይል ቦታ የሚሰጠው በቁራጭ ነው። ኤንቲኤፍኤስ ላይ ቁራጩ በተለመደው አሠራር 4 ኪሎባይት ነው። ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ፍላሽ ወይም ዲስክ ዊንዶውስ ላይ በኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ግን ቁራጩ 128 ኪሎባይት ይሆናል። አሁን እያንዳንዳቸው 2 ኪሎባይት የሆኑ 100,000 ትንንሽ ፋይሎች ያሉበት ዚፕ አስቡ። የፋይሎቹ መጠን ሲደመር 200 ሜጋ ነው። ኤንቲኤፍኤስ ላይ ሲፈታ 400 ሜጋ አካባቢ ይይዛል። እንዲህ ያለው ኤክስፋት ላይ ግን ከ12 ጊጋ በላይ ይበላል። ቪዲዮ ከሆነ ይህ አያሳስባችሁም። የፕሮግራም ኮድ፣ የድረ ገጽ ፋይሎች ወይም ብዙ ትንንሽ ምስሎች ከሆኑ ግን ኤንቲኤፍኤስ ላይ ፍቱት።

4. በማውስ እየጎተታችሁ አታውጡ

ይህ ነጥብ ለብቻው አንድ ክፍል ይገባዋል፤ ሲ ሳይታሰብ የሚሞላው በዚህ ነውና። ሰቨን ዚፕ ከፍታችሁ ፋይሉን በማውስ ጎትታችሁ ዲ ላይ ወዳለ ፎልደር ስትጥሉት በቀጥታ ዲ ላይ የሚጻፍ ይመስላችኋል። አይደለም። ፕሮግራሙ የጣላችሁበትን ቦታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን ሲ ላይ ባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ይፈታዋል። ከዚያ ዊንዶውስ ከዚያ አንስቶ ወደ ዲ ይቀዳዋል። 29 ጊጋ ለማውጣት ሲ ላይ ሌላ 29 ጊጋ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዲ ባዶ ሆኖ ሳለ ቦታ የለም የሚል መልእክት የሚመጣው ለዚህ ነው።

የታሸገው ውስጥ እንዳለ ቪዲዮውን ደብል ክሊክ አድርጎ መክፈትም ያው ነው። መጀመሪያ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይፈታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የምትፈልጉትን ምረጡ፣ «ኤክስትራክት» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ መድረሻውን ራሳችሁ ስጡት። ያኔ በቀጥታ ወደ መድረሻው ይጽፋል፣ ሲን አይነካም። እስከዛሬ እየጎተታችሁ ስታወጡ ከነበረ የተረፈ ጊዜያዊ ፋይል ሊኖር ይችላል። «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ገብታችሁ አጽዱት። እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚለው ፊት ለፊት ምልክት ካለ ግን አንሱት፤ ያወረዳችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

5. ከፋፍላችሁ ፍቱ

አሁን ዋናው ሥራ። ምሳሌያችን ውስጥ ሁለት ፎልደሮች አሉ፤ የአንደኛ ዓመት ትምህርት 29 ጊጋ፣ የሁለተኛ ዓመት 23 ጊጋ። ዲ 33 ስላለው አንደኛውን ይችላል። ኢ 28 ስላለው ሁለተኛውን ይችላል።

ዲ ላይ አጭር ስም ያለው አዲስ ፎልደር ፍጠሩ፣ በቀጥታ ዲ ስር። ኢ ላይም እንዲሁ። አጭር ስም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ከፓርቲሽኑ ፊደል ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው መንገድ 260 ፊደል ካለፈ ይቸገራሉ። ዴስክቶፕ ላይ ፎልደር፣ በፎልደር ውስጥ ፎልደር እያላችሁ ከፈታችሁ ቦታ እያለም ስህተት ይመጣል።

ከዚያ ሰቨን ዚፕ ውስጥ የአንደኛ ዓመቱን ፎልደር ብቻ ምረጡ። «ኤክስትራክት»፣ መድረሻ ዲ። ሲጨርስ የሁለተኛ ዓመቱን ምረጡ። «ኤክስትራክት»፣ መድረሻ ኢ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታስጀምሩ። ፓርቲሽኖቹ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። የሚሽከረከር የድሮው ዓይነት ዲስክ ከሆነ በአንድ ጊዜ እዚህም እዚያም እያነበበና እየጻፈ በጣም ይንቀራፈፋል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ከሆነ ችግሩ ያን ያህል አይደለም።

ፎልደሮቹ እንዲህ በሚመች መጠን ካልተከፈሉስ? አንዱ 45፣ ሌላው 7 ጊጋ ቢሆን? ወደ ትልቁ ፎልደር ግቡና ፋይሎቹን ምረጡ። ኮንትሮልን ተጭናችሁ አንድ በአንድ፣ ወይም ሺፍትን ተጭናችሁ በተከታታይ። ስትመርጡ የመረጣችሁት ድምር ከታች ባለው መስመር ይታያል። ድምሩ ከመድረሻው ባዶ ቦታ ሁለት ሦስት ጊጋ ሲቀረው አቁሙ።

ሁለተኛውን ፎልደር ስትፈቱ ለመጀመር ብዙ ደቂቃ ቢወስድ አትደንግጡ። አንዳንድ የታሸጉ ፋይሎች ሁሉንም ነገር እንደ አንድ ረጅም ጅረት አድርገው ነው የሚጨምቁት። የሰቨን ዚፕ የራሱ ዓይነት ፋይል በተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፤ ራርም በምርጫ እንዲህ ሊሆን ይችላል። መሃል ላይ ያለ ፋይል ለማውጣት ፕሮግራሙ ከፊቱ ያሉትን ሁሉ እያለፈ መምጣት አለበት። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ተጨማሪ ቦታ አይወስድም። ተራ ዚፕ ይህ ችግር የለበትም።

ሌላ የሚያጋጥም ነገር አለ፤ የታሸገ ፋይል ውስጥ ሌሎች የታሸጉ ፋይሎች። ሁሉንም አውጥታችሁ ከዚያ እያንዳንዱን ልፍታ ካላችሁ ቦታው ሦስት እጥፍ ይሆንባችኋል። አንዱን ብቻ ወደ ዲ አውጡ። እሱን ወደ ኢ ፍቱት። የወጣውን መካከለኛ ፋይል አጥፉ። ወደ ቀጣዩ ሂዱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

6. ውስጡ ያለው አንድ ግዙፍ ፋይል ከሆነ

አንድ ፋይል ለሁለት ፓርቲሽን አይከፈልም። ውስጡ 40 ጊጋ የሆነ አንድ ፋይል ብቻ ካለ፣ ዲ ላይ 33፣ ኢ ላይ 28 መኖሩ እንደዚሁ አይጠቅምም። አንዱ ላይ 40 ማግኘት አለባችሁ።

እዚህ ነው ዊንራር የሚገባው። ራሩ የተቆራረጠ ከሆነ ክፍሎቹ የግድ አንድ ቦታ መሆን የለባቸውም። ሰቨን ዚፕ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ይፈልጋል። ዊንራር ግን ቀጣዩን ክፍል ሲያጣ ቆሞ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዲ ላይ ከክፍል 9 እስከ 13 ያሉትን አምስቱን ወደ ኢ ውሰዱ። ወደ 17 ጊጋ ተለቀቀ ማለት ነው፤ ዲ 50 ደረሰ። አሁን ክፍል 1ን በዊንራር ከፍታችሁ «ኤክስትራክት ቱ» በሉት፣ መድረሻው ዲ። ከክፍል 8 በኋላ ቀጣዩ የት ነው ሲላችሁ «ብራውዝ» ብላችሁ ኢ ላይ ያለውን ክፍል 9 አሳዩት። ከዚያ ወዲያ ያሉትን እዚያው እየፈለገ ይቀጥላል። ክፍሎቹ ፍላሽ ላይ ቢሆኑም ያው ነው። ይህ አሠራር ሰዎች ትልቅ ፋይል 1.44 ሜጋባይት በሚይዝ ፍሎፒ ከፋፍለው ሲያዞሩ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፤ ዛሬም አገልግሎቱ አልቀረም።

ስታንቀሳቅሱ «ከት» አታድርጉ፤ «ኮፒ» አድርጉ። በአንድ ፓርቲሽን ውስጥ ፋይል ማዛወር ቤት ሳይለቁ የበር ቁጥር እንደመቀየር ነው፤ በሰከንድ ያልቃል፣ ቦታም አይጠይቅም። ከዲ ወደ ኢ ሲሆን ግን ፋይሉ ሙሉ ለሙሉ እንደ አዲስ ይጻፋል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል የትኛው እንደሄደ የትኛው እንደቀረ መለየት ያስቸግራል። ቀድታችሁ ጨርሱ፣ የሁለቱን መጠን አስተያዩ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን አጥፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ክፍል 1 ከተፈታ በኋላ ላጥፋው፣ ቦታ ይገኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ዚፕና የሰቨን ዚፕ ፋይሎች ማውጫቸው የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁሉም ክፍሎች ካልተሟሉ መፍታቱ አይሆንም። ራር ላይ አንዳንዴ ይቻላል፣ ግን ከሁለት ክፍል ላይ የተንጠላጠለች አንዲት ፋይል ትበላሽባችኋለች። እንደገና የምታገኙበት መንገድ ውድ ከሆነ አትሞክሩት።

7. ሁሉም በአንድ ፎልደር ስር መታየት ካለበት

አንዳንድ ፕሮግራም ወይም ጌም ፋይሎቹ በአንድ ዋና ፎልደር ስር ካልሆኑ አይነሳም። ዊንዶውስ ለዚህ መላ አለው። አንድን ፓርቲሽን በሌላው ፓርቲሽን ውስጥ እንዳለ ፎልደር አድርጎ ማሳየት ይቻላል። ዘዴው የሚመቸው ኢ ባዶ ሲሆን ነው፣ ምክንያቱም ኢ ላይ ያለው ሁሉ እዚያ ፎልደር ውስጥ ይታያል።

ዲ ላይ ዋናውን ፎልደር ፍጠሩ። በውስጡ ወደ ኢ እንዲሄድ የምትፈልጉትን ፎልደር ስም አንድም ፊደል ሳትለውጡ ባዶ ፎልደር አድርጋችሁ ፍጠሩ። የስታርት ምልክቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት»። ኢ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ»፣ «አድ»። ባዶ ኤንቲኤፍኤስ ፎልደር ውስጥ «ማውንት» ማድረግን የሚለውን መርጣችሁ ያንን ባዶ ፎልደር አሳዩት። ከዚህ በኋላ እዚያ ፎልደር ውስጥ የሚጻፍ ሁሉ በእርግጥ የሚቀመጠው ኢ ላይ ነው። በትንሽ ፋይል ሞክሩና የኢ ባዶ ቦታ መቀነሱን እዩ፤ ከዚያ ሙሉውን ፍቱ።

ማላቀቅ ስትፈልጉ ፎልደሩን እንዳትሰርዙት። እሱን መሰረዝ ኢ ላይ ያለውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ወደዚያው መስኮት ተመልሳችሁ የፎልደሩን መንገድ ምረጡና «ሪሙቭ» በሉ። ፊደሉን ሳይሆን መንገዱን።

ፓርቲሽን ማስፋት ለምን አልተባለም የሚል ይኖራል። ለአንድ የታሸገ ፋይል ብዬ አልመክረውም። ዊንዶውስ ላይ ማስፋት የሚቻለው ያልተመደበው ቦታ ከፓርቲሽኑ በስተቀኝ ተያይዞ ሲገኝ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያሉት መንገዶች ባክአፕ ለሌለው ሰው አስጊ ናቸው።

8. መሃል ላይ ቦታ ካለቀ

«ካንስል» በሉና መድረሻውን ፎልደር ክፈቱ። በቀን ደርድሩት። መጨረሻ ላይ ሲጻፍ የነበረውን ፋይል አጥፉት። መጠኑ ሙሉ ቢመስልም አትመኑት፤ ፕሮግራሙ ቦታውን አስቀድሞ ይይዛል፣ ውስጡ ግን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቦታ አግኝታችሁ ስትቀጥሉ፣ ቀድሞ ያለ ፋይል ሲያጋጥመው ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ «ኖ ቱ ኦል» በሉ። ያለቁትን ዘልሎ የቀሩትን ብቻ ያወጣል።

9. የታሸገውን ማጥፋት

በመጀመሪያ የወጣውን አረጋግጡ። ዲ ላይ ያለውን ፎልደር «ፕሮፐርቲስ» እዩ፣ ኢ ላይ ያለውንም። የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ደምራችሁ ሰቨን ዚፕ ካሳያችሁ ጋር አስተያዩ። «ሳይዝ» የሚለውን ተጠቀሙ፣ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን አይደለም። ጥቂት ቪዲዮዎችን ከመሃልና ከመጨረሻ ክፈቱ። በተለይ ከየፓርቲሽኑ በስተመጨረሻ የወጡትን።

ከተስማማ በኋላ ስታጠፉ በዲሊት ብቻ ቦታ አይለቀቅም። ፋይሉ ወደ ሪሳይክል ቢን ይገባል፤ ሪሳይክል ቢን ደግሞ በየፓርቲሽኑ የተለየ ስለሆነ ከዲ የጠፋው ዲ ላይ እንደያዘ ይቆያል። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጉ፣ ወይም እርግጠኛ ከሆናችሁ ከመጀመሪያውም ሺፍትን ይዛችሁ ዲሊት ተጫኑ። በምሳሌያችን 49 ጊጋው ሲለቀቅ ዲ ላይ 53 ጊጋ ባዶ ቦታ ይኖራል። ያኔ የሁለተኛ ዓመቱን 23 ጊጋ ከኢ ወደ ዲ ቀድታችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትችላላችሁ።